ቀምሳ የማታውቀው ቴሊና

እቴነሽ የደላንታ ሰው ናት፤ ባህርን በዓይኗ ያየችው ሠላሳ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ዛሬ ግን በየማለዳው ጣልያን አገር፣ ፒኜቶ ሰፈር ካለው ኪራይ ቤቷ ተነስታ በባቡር ኦስቲያ ባህር ዳር ትወርዳለች። እዚያ ሲኞር ቱሊዮ የሚባሉ ሽማግሌ ስትንከባከብ ስድስት ዓመት ሆናት።

ሲኞር ቱሊዮ ዕድሜያቸውን የፈጁት ቴሊና ሲለቅሙ ነው፤ አሸዋ ውስጥ የምትኖር፣ ጥፍር የምታክል ባለ ቅርፊት ፍጥረት ናት። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ አንደበታቸውን ዘጋው። የእጅ ምልክታቸውን ልጆቻቸው እንኳ አያውቁትም፤ እቴነሽ ግን ታውቀዋለች። ጠዋት ጠዋት ወደ ባህሩ ከሚገባው ቦይ ማዶ ስትወስዳቸው፣ ትናንሾቹ ቴሊናዎች የትና እንዴት እንደሚያድጉ በጣታቸው አሳይተዋታል። እሷ ግን አንዲቷንም ቀምሳ አታውቅም። ጾም ሆነ ፍስክ፣ ለኦርቶዶክስ ልጅ ያ ነገር ምግብ አይደለም፤ በቃ!

ባለፈው መጋቢት፣ ከባህሩ የትኛው ክፍል ሳይነካ ይጠበቅ የሚለውን ነዋሪው እንዲመክርበት ስብሰባ ተጠራ። እቴነሽም ሽማግሌውን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች ሄደች። በሰው አገር ወረቀት ከሰው ይቀድማልና የሰነድ ፋይሏን በብብቷ ይዛለች።

ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካርታ፣ ሊጠበቅ የታሰበው ክፍል ቦዩ ጋ ያበቃል። የትናንሾቹ ቦታ ውጭ ቀርቷል! ሲኞር ቱሊዮ ክንዷን ጨምድደው ያዙ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የሚያውቁት ነገር ዛሬ ካልተነገረ አብሯቸው ሊቀበር ነው።

እቴነሽ እንደ ምንም እጇን አወጣች።

«እርስዎ ማን ነዎት ሲኞራ?» አላት አንዱ።

«የመኖሪያ ፔርሜሶዬ ይኸው፣ የሥራ ኮንትራቶም አለኝ...» ፋይሏን ትዘረግፈው ጀመር።

ስብሰባውን የምትመራው ወጣት ተነስታ መጣች። «ወረቀት ማንም አልጠየቀዎትም። ቦታውን ብቻ ያሳዩን።»

«አሎራ... እንግዲህ...» አለች እቴነሽ። ከዚያማ ማን ያቁማት! በየትኛው ወር ምን ያህል እንደሚያድጉ፣ ማዕበል ሲነሳ ወዴት እንደሚሸሹ ሳይቀር ተናገረች። ከኋላ አንድ ዓሣ አጥማጅ ብድግ ብሎ፣ «እውነቷን ነው! ቱሊዮ እዚያ ያሉትን አትንኩ፣ ይደጉ ይለን ነበር» አለ። ወጣቷም በእርሳስ መስመሩን ከቦዩ አሻግራ አሰመረችው።

«ሐሳቡን በማን ስም ልመዝግበው?»

«በእሳቸው ነው እንጂ!»

ሲኞር ቱሊዮ ራሳቸውን በእምቢታ ወዘወዙ። ጣታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ እሷ ዘረጉ።

እቴነሽ የለመደችው ጣልያንኛ ሁሉ ጠፋባት። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመችና በአማርኛ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ» አለቻቸው። እሳቸውም ገባቸው።