በጀርባው ላይ የወረዱት ሴትዮ

ገብረመስቀል አረጋ በላሊበላ በቅሎ እያከራየ ይኖር ነበር። በደርግ ዘመን የውጭ እንግዳ የሚመጣው በቡድን፣ በመንግሥት አስጎብኚ እየተመራ ነው። ከቡድኑ የተነጠለ በሰላይነት፣ አብሮት የታየ የአገር ሰው ደግሞ በወንበዴ ተላላኪነት ይጠረጠራል።

በ1974 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ጉልበታቸው የማይታዘዝላቸው አንዲት ነጭ አሮጊት ከቡድን ጋር መጡ። አስጎብኚው ለእርሳቸው የሚሆን መንገድ የለም ብሎ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ትቷቸው ሄደ። ገብረመስቀል በቅሎውን እየሳበ ሲያልፍ ሴትየዋ ወደ ቤተ ጊዮርጊስ በእጃቸው ጠቆሙና አንገታቸውን ደፉ። ትንሽ አመነታ። ከዚያ በቅሎውን ወደ በረንዳው አስጠጋ።

እስከ አፋፉ በበቅሎ ደረሱ። ወደ ታች የሚያስኬደው ግን አለት ተፈልፍሎ የወጣ ጠባብ ቁልቁለት ስለሆነ በቅሎ አይገባበትም። ሴትየዋን በጋቢው አዘላቸው። መሐል ላይ ሲደርስ ከበላዩ ጠመንጃ ሲቀባበል ሰማ። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጋሻዬ ነበር።

«ቁም። ወዴት ነው የምትወስዳት?»

ገብረመስቀል የቆመበት አለት በእግር ብዛት ለስልሶ ያዳልጣል። ቢዞር ሁለቱም ይወድቃሉ።

«እዚህ ባወርዳቸው ይሰበራሉ» አለ ሳይዞር። «ታች ላድርሳቸው፤ ከዚያ እንዳሻህ አድርገኝ።»

 አንድ እግሩን አነሳ። ጀርባው ላይ የሚመታው የሴትየዋ ልብ ይሁን የራሱ አልለየውም። ጥይት አልተተኮሰም፤ የጋሻዬ ኮቴ ብቻ ከኋላ ተከተለው።

ታች ሲደርሱ ሴትየዋ መዳፋቸውን በግድግዳው ላይ አሳርፈው ቆዩ። የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ አባ ወልደ ኪዳን መስቀል አሳለሟቸው።  ገብረመስቀል ሽቅብ ሲያወጣቸውም ጋሻዬ አላስቆመውም፤ ሆቴል ካደረሳቸው በኋላ ግን ይዞት ወደ ቀበሌ ሄደ።

የቀበሌው ሹማምንት ሴትየዋ ምን እንደነገረችው ደጋግመው ጠየቁት። ቋንቋዋን አላውቅም ቢልም አሰሩት። ሚስቱ እታገኘሁ ስንቅ ስታመላልስ ሰነበተች። በመጨረሻ አስጎብኚው ሴትየዋ ጡረታ የወጡ አስተማሪ እንደሆኑ መስክሮ አስፈታው።

ሁዳዴ ሲገባ ጋሻዬ በማለዳ ገብረመስቀል ደጅ ቆመ። ገብረመስቀል ዳግመኛ ሊያስረው የመጣ መስሎት እታገኘሁን በዓይኑ አደራ አላት። ጋሻዬ ግን አቀርቅሮ፣ እናቱ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤል እግራቸው ከተያዘ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን እንዳልተሳለሙ ነገረው።

«እኔ ይዣቸው ብገባ ካድሬዎቹ ይገመግሙኛል» አለ። «አንተ ብታዝልልኝ።»

 የእስር ቤቱ ብርድ ገና ከገብረመስቀል አጥንት አልወጣም። ቢሆንም በአሮጊቷ ላይ አልጨከነም፤ ኮርቻውን አነሳ፤ የጋሻዬን እናትም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዝሎ አወረዳቸው።

ከዚያ ወዲህ ወሬው ተዛምቶ፣ በየበዓሉ ከሩቅ፣ ከኩልመስክና ከፍላቂት የሚመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቤቱን እየጠየቁ ይመጡ ነበር። ወገቡ እስኪከዳው ድረስ አዘላቸው። ጋሻዬ ግን ካድሬዎቹን ፈርቶ፣ መንገድ ላይ ሲያገኘው ፊቱን አዙሮ ያልፍ ነበር።