ማሲንቆ የመረጠው ኪቦርድ

በሸገር ምድር ኪቦርድ ለመግዛት ማሲንቆ ተጫዋች ይዞ ሱቅ የገባ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ። እንደማታምኑኝ አውቃለሁ፤ ሚስቴም አላመነችኝም።

አትላስ ጋ ያለ የባህል ምግብ ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን ነው ነገሩ የመጣው። ኪቦርድ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ጆሮዬ ነው ያስተማረኝ። ጆሮዬ ደግሞ፣ ልኩራና፣ ጆሮ ነው። አጠገቤ ማሲንቆ ተጫዋቹ ጋሽ ደምሴ ተቀምጠዋል። በአንቺሆዬ ቅኝት አብረን ስንጀምር እንግዳው ሁሉ ቀና አለ። በደስታ እንዳይመስላችሁ።

«ጋሼ፣ ማሲንቆውን ትንሽ ከፍ ያድርጉልኝ፣ ዝቅ ብሏል» አልኳቸው።

«እኔ ልክ ነኝ። እኔ ያለሁበት ቦታ ያንተ ዕቃ ላይ የለም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የእሳቸው ጣት የሚያርፈው በሁለት ቁልፎች መሃል ነው። እኔ ጋ መሃል ላይ የሚጫን ነገር የለም።

በነጋታው የቤቱ ባለቤት አቶ ግርማ ጠሩኝ። «ኪቦርድህ ውስጥ የማሲንቆ ድምፅ አለ አይደል?»

«አለ።»

«በቃ፣ ሽማግሌውን እናሰናብታቸዋለን።»

ሰውዬው እዚያ ቤት ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ሌላ ሥራ የሌላቸው ናቸው። «አቶ ግርማ፣ ጥፋተኛው ኪቦርዱ ነው፤ እቀይረዋለሁ» አልኩ።

አቶ ግርማ ሳቁ። «እስከ ቅዳሜ።»

ጋሽ ደምሴን ከነማሲንቋቸው ታክሲ ውስጥ ከትቼ ጉርድ ሾላ፣ ሰዓዳ የምትባል የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ ሱቅ ወሰድኳቸው። እኛ ኪቦርድ ተጫዋቾች ስንገዛ መብራቱን እናያለን፣ ሪትሙን እንቆጥራለን፣ እንከፍላለን። የድሮውንም የገዛሁት እንደዚያ ነው።

«የእያንዳንዱን ቁልፍ ድምፅ ለብቻው ዝቅ ከፍ የሚያደርግ አለሽ?» አልኳት።

የሚያብረቀርቅ አዲስ አወጣች። ጋሽ ደምሴ ማሲንቋቸውን ገዘገዙ፣ እኔ ቁልፎቹን ቀስ በቀስ ዝቅ አደረግኩ፤ ገጠመ! እስክስታ ልወርድ ስል መብራት ጠፋ። ሲመጣ ኪቦርዱ የሞላሁትን ቅኝት በሙሉ ረስቶታል።

«በየመብራቱ መጥፋት እንደገና ልታስተምረው ነው?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ሰዓዳ ከመደርደሪያው ሥር አንድ ያገለገለ ጎተተች። ፊቱ የተፋቀ፣ ሪትሙ ጥቂት። ቃኘሁት፣ ሴቭ አደረግኩት፣ ከሶኬት ነቅዬ መልሼ ሰካሁት። አልረሳም።

«የቤታችን ዘፋኝ ‹ዛሬ ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ዝቅ አድርጉልኝ› ስትልስ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ዝቅ አደረግኩት። ቅኝቱም አብሮ ወረደ። ማሲንቆው ተከተለ፣ ሰዓዳ አጨበጨበች።

«መልኩ ግን ያስጠላል» አልኩ።

«ካንተ ጋር ይስማማል፣ ውሰደው!» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ያንን የሚያምረውን የድሮ ኪቦርዴን በልዋጭ ሰጥቼ ፉንጋውን ተሸክሜ ወጣሁ።

ቅዳሜ አቶ ግርማ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙን። ስንጨርስ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞረው፣ «ሰኞም በሰዓትዎ ይምጡ» አሉ። ጋሽ ደምሴ የማሲንቋቸውን ጭራ ማጥበቅ ጀመሩ።

ኪቦርድ የሚመረጠው አብሮት ከሚጫወተው ሰው ጋር ነው። ሌላው ጌጥ ነው።

አላመናችሁም? ሰዓዳን ሄዳችሁ ጠይቁ። ጋሽ ደምሴንም ጠይቁ። እሳቸው «የመረጥኩት እኔ ነኝ» ይሏችኋል፤ ይህቺን ነገር ብቻ እንዳታምኗቸው።