ተራዋን የምትለቅ ሴት

ይቺ የሸራ መርከብ ወደ አሜሪካ ለተነሳነው ኖርዌያውያን የምትሰጠን ውሃና እሳት ብቻ ነው፤ ስንቁን ሁሉም ከየቤቱ ይዞ መጥቷል። ስለዚህ ትልቁ ጦርነታችን ከማዕበሉ ጋር ሳይሆን ላይኛው ወለል ላይ ባለችው አንዲት ምድጃ ዙሪያ ነው።

በዚያ ግፊያ መሀል አንዲት ጠና ያለች ሴት አለች። ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራ፣ ክዳኑ በገመድ የታሰረ ድስቷን አቅፋ ትሰለፋለች። ተራዋ ሲደርስ ግን ዘወር ትላለች።

«እለፉ፣ እናንተ ልጆች አሏችሁ። እኔን ምን ያስቸኩለኛል?»

እሳቱ እስኪጠፋ ሁሉንም ታሳልፋለች። ባለቤቴ ጉንሂልድ «ቅድስት ናት» ትላለች፤ ቅድስናዋ ስለጠቀመንም ሳናመነታ እንቀድማታለን።

ትናንት መርከቧ ድንገት ስታዘነብል ድስቱ ከእጇ አምልጦ ተንከባለለ፤ ክዳኑም ተከፈተ። ውስጡ ባዶ ነው። ቂጡን ጥላሸት የሚባል ነክቶት አያውቅም።

«አሁን አጥቤው ነው» አለች ቀና ብላ።

ጉንሂልድ ድስቱን አንስታ ሁለት ድንች ጣል አደረገችበት፤ አንዱ ገብስ፣ ሌላው የጨው ዓሣ ጨመረ። ሴትየዋ ጎንበስ ብላ አየችና፣

«ዓሣ ከገብስ ጋር! እናት አላሳደገቻችሁም እንዴ?» ብላ ተቆጣች።

ዛሬ ጠዋት የተረፋትን ገብስ ይዛ ከሁላችን ቀድማ ምድጃው ላይ ተገኘች። ጉንሂልድ «እትዬ፣ ልጄ አልበላም፣ እስቲ ያሳልፉኝ» ብትላት በክርኗ ገፋ አደረገቻት።

«ተራሽን ጠብቂ!»