በጠላ ቤት ጓሮ ያረባኋቸው ዓሦች

ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል ባየሁ ቁጥር ሳላስበው አንገቴን አስግጌ ወደ ውስጥ እመለከታለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ግንባታ በር ላይ እንደዚያ ቆሜ ዘበኛው «ምን ጠፋብሽ እመቤት?» አለኝ። ዓሣ ፈልጌ ነው ብለው መቼም አያምነኝም። «ምንም» ብዬው ሄድኩ፤ ግን የረጋ ውሃና የጎመዘዘ አተላ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ዋለ፤ ይዞኝም መቀሌ ገባ።

ከሚሊኒየሙ በኋላ ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬን እዚያ ስማር ምርምሬ አንድ ጥያቄ ነበረው፤ የጠላ አተላ ደርቆና ተፈጭቶ ለዓሣ መኖ ይሆናል ወይ? መኖ ውድ ነው፤ አተላ ግን ጓሮ ለጓሮ ይደፋል። ገንዳ የለኝም ስለው አማካሪዬ «በርሜልም ይሆናል» አለኝ። ምርምር እንዲህ በቀላሉ የሚጀመር አይመስልህ ይሆናል።

የምኖረው ዓይደር ሰፈር ነበር፤ ጠላ ሸጠው ከሚኖሩ አንዲት ብቸኛ ሴት አንድ ክፍል ተከራይቼ። አዎ፣ የኮምቦልቻ ሙስሊም ልጅ ጠላ ቤት ገባች። ለእናቴ በስልክ «አከራዬ መጠጥ ይሸጣሉ» ስላት «ለስላሳ ነው?» አለችኝ፤ እኔም መስመሩ የተቆራረጠ አስመሰልኩ። ሰፈሩ ሁሉ ሴትዮዋን «ኣደይ» ይላቸዋል፣ እናቴ ማለት ነው፤ እኔም እንደ ሰፈሩ አልኳቸው።

ስለ ዓሣው ስነግራቸው እንስራቸውን ማጠብ አቆሙ።

«ዋእ! ለሰው ያልበቃ ውሃ ለዓሣ? ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ አታውቂም?»

እውነታቸውን ነበር። ውሃ በወረፋ ነው የሚመጣው፤ በመጣ ቀን የሰፈሩ ባልዲ ሁሉ ይንኳኳል። ለዓሦቹ የማበላው አተላ የእርሳቸው እንደሚሆን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። በነጋታው ለደንበኞቻቸው «የእኔ አተላ ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው።

ከሐሸንገ ሐይቅ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩቶች በጄሪካን አምጥቼ በሁለት በርሜል አስገባሁ። አንደኛው ፉርሽካና ፋጉሎ ይበላል፣ ሁለተኛው አተላ። ኣደይ የመጀመሪያዎቹን «ጾመኞቹ»፣ የኋለኞቹን «ሰካራሞቹ» አሏቸው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ በአጥሩ ቆርቆሮ ላይ ስታበራ በርሜሉን መታ መታ አድርገው «እንዴት አደራችሁ?» ይላሉ። ውሃ የጠፋ ሰሞን ነጠላቸውን ሳያጥቡ ከርመው ውሃውን ለዓሦቹ ሰጡ። እኔን ግን ጸጉሬን በመታጠቤ ተቆጡኝ።

እናትና ልጅ ሆነን ነበር፤ ከአንድ ነገር በቀር። እርሳቸው ያሳረዱትን እኔ አልበላም፣ የእኔ ሰው ያረደውን እርሳቸው አይበሉም። ገና ሲደርስ ዶሮ በሕይወቷ እግሯን አስረው ይሰጡኛል፤ «ሂጂ፣ የእናንተ ሰው ይረድልሽ።» አሳርጄ፣ ሠርቼ፣ ክፍሌ ቁጭ ብዬ ብቻዬን እበላለሁ። እርሳቸውም ከግድግዳው ወዲያ ብቻቸውን ይበላሉ። «በርበሬው እንዴት ነው?» ይሉኛል በግድግዳው። «ጥሩ ነው ኣደይ፣ የእርስዎስ?» እላለሁ። በዓላችን ይኸው ነበር።

ዓሦቹ ሲያድጉ አማካሪዬ አዲስ ነገር አመጣ። «ሥጋው አተላ አተላ ቢሸትስ? የሰፈሩ ሰው ቀምሶ ይናገር። ያለዚያ ምርምርሽ ጎዶሎ ነው፣ በጎዶሎ ደግሞ አትመረቂም።» እርሱ ራሱ ለምን አይቀምስም እንዳትለኝ፤ የዓሣ ምሁሩ ዓሣ አይበላም፣ ገላዬን ያሳክከኛል ይል ነበር።

ሁዳዴ ሳይገባ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ አማካሪዬ ባለበት፣ ቀማሾቼን ጓሮ ሰበሰብኩ፤ በአንድ ወገን የኣደይ ደንበኞች፣ በሌላ ወገን ጎረቤት ቤት የሚሠሩ የወሎ ግንበኞች። ዓሣው በዘይት ሲንጫጫ፣ ሎሚው ሲጨመቅበት ጠረኑ መንገድ ድረስ ወጣ። ሁሉም እጁን ታጠበ። ትሪው ቀረበ።

«ማን ነው ያረደው?» አለ አንድ ደንበኛ።

«ማንም አላረደውም።»

«እና እንዴት ሞተ?»

«ከውሃ ሲወጣ በራሱ ሞተ» አልኩ።

«በክት ልታበሉን ነው የጠራችሁን?» አለና ምንም ያልነካ እጁን እንደገና ታጠበ። የእርሱ ወገን በሙሉ ተከተለው።

ሽማግሌው ግንበኛ ሳቁ። «አብሽሪ፣ ዓሣ እርድ አይፈልግም፣ ሐላል ነው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ እኔም ተነፈስኩ። ሊቆርሱ ሲሉ «ለመሆኑ ምን እየበላ እንዲህ ወፈረ?» አሉ።

«የጠላ አተላ።»

ያ እጅ ሲመለስ ዛሬም ይታየኛል። ሲደርቅ ስካሩ እንደሚጠፋ ላስረዳ ሞከርኩ፤ ማን ይስማኝ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ክንዱን አጣምሮ ተቀመጠ። አማካሪዬ እስክሪብቶውን ይዞ ቆሟል። ዲግሪዬ ትሪው ላይ ይቀዘቅዛል።

ኣደይ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ ከጓዳ ወጡ። መጀመሪያ ወደ ሽማግሌው ዞሩ፤ «አባቴ፣ ዶሮ ጓሮዬ ስትለቃቅም የምትውለው ምንድን ነው? አተላ አይደለም?» ከዚያ ወደ ደንበኞቻቸው፤ «እናንተስ፣ ጌታ ለሐዋርያት ዓሣ ሲያበላ መጀመሪያ አረደው እንዴ?»

«ነዒ ጓለይ፣ ነዪ ልጄ፣ ቁጭ በዪ» አሉኝ። ቆረሱ፣ አጥንቱን በጣታቸው አንድ በአንድ ለቀሙ፣ አጎረሱኝ። እኔም አጎረስኳቸው። በዕድሜያቸው ዓሣ ቀምሰው አያውቁም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አላመጡ። ጓሮው ሁሉ አፋቸውን ያያል።

«ዶሮ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ሽታ የለውም።»

ከዚያ በኋላ ትሪውን ማን ይዞት! ደንበኛና ግንበኛ ክርን ለክርን እየተጋፋ፣ ጾመኛውን ከሰካራሙ ሳይለይ ጨረሰው። አማካሪዬ «የጣዕም ልዩነት አልተገኘም» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያ የተሻለ ውጤት አልነበረም።

ፋሲካ ጠዋት ኣደይ ወደ ቤታቸው ጠሩኝ። የታሰረች ዶሮ ጠብቄ ገባሁ። የእርሳቸው ዶሮ ወጥ ድስቱ ውስጥ እንደተከደነ ነው፤ ገበታው ላይ ግን እንጀራና ሁለት ቆርቆሮ ሰርዲን ተቀምጧል። ቅዳሜ ሮማናት አደባባይ ወርደው ከሱቅ ሱቅ ዓሣ ሲጠይቁ ውለው ያገኙት እሱን ነው።

«ይኼም አይታረድም አይደል?» አሉኝ።

ሁዳዴን ሙሉ ሥጋ ሳይቀምሱ ከርመው በሰርዲን ሊፈስኩ! ዓይኔ እንባ ሞላ። «ኣደይ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል» አልኩ።

«ዶሮ ነገም አለ» አሉ ቆርቆሮውን እየከፈቱ። «አንቺ በሰኔ ትሄጃለሽ።»

ሰርዲን አልወድም፤ ፊታቸውን ሳይ እርሳቸውም አልወደዱትም። ዘይቱ ሳይቀር በእንጀራ ጠርገን፣ እየተጎራረስን ጨረስነው።