ጨው የከለከልኳት ልጄ

ያኔ ባለቤቴ ቆቦ ገበያ ከአፋር የሚመጣ ጨው ይቸረችር ነበር። አንዲቷን ልጃችንን በሳምኳት ቁጥር ግንባሯ ጨው ጨው ይለኛል። ሌላ ምን ልጠርጥር? እጅህን ሳትታጠብ እንዳትነካት እያልኩ በር ላይ አቆመው ነበር። እሱም ወላሂ አንድ ቀን እንኳ ክፉ ሳይመልስልኝ ታጥቦ ይገባል። ምላሴ አያርፍም ነበር።

ታጠበም አልታጠበም ልጅቷ ያው ናት። ትበላለች፣ አትወፍርም፤ ሳሉም አይለቃትም። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብላ መድኃኒቱን ብትጨርስም ባሰባት። ጎረቤት ዓይን ነው አለ። እኔ ደግሞ ጨው ገላዋ ውስጥ ገብቷል ብዬ ከምግቧ ላይ አጠፋሁት። አይ የኔ ነገር። ስድስት ዓመቷ ላይ፣ በዚያ በግንቦት ሐሩር፣ ደጅ ስትጫወት ክልትው ብላ ወደቀች።

ደሴ ወሰድናት። ሐኪሙ «ልጅቷን ሲስሟት ጨው ጨው ይልዎታል?» ሲለኝ ደነገጥኩ፤ የቤቴን ገመና ማን ነገረው? ረጋ ብሎ አስረዳን። ጨው ከላቧ ጋር ከልክ በላይ ይወጣል፤ ሳንባዋ ውስጥ ያለው አክታም እንደ ሙጫ ይወፍራል። የሚያረጋግጠው ምርመራ እዚህ ባይኖርም ምልክቱ ሁሉ ይህንኑ ይላል። በሽታው በዘር የሚመጣ ነው፤ ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ አይይዝም። እኛ ከአንድ ወገን ብቻ ስለወረስነው ሳንታመም ኖረናል። በሐሩሩ የወደቀችውም ጨው አልቆባት ነውና፣ ጨው ጨምሩላት አለን። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መዳፍን ጎድጎድ አድርገው ጀርባዋን እየመቱ አክታውን ማስወጣትም አሳየን። ባለቤቴ ያን ሥራ ለማንም አልሰጠም። ጠዋትና ማታ ጭኑ ላይ በደረቷ አስተኝቶ፣ መንዙማ እያንጎራጎረ ዱብ ዱብ ያደርጋታል፤ እሷም በሳሉ መሀል ትስቃለች። ቤታችን እንደዚያ ጊዜ አምሮበት አያውቅም። ያ ድምፅ ዛሬም ይናፍቀኛል።

አስራ ሦስት ዓመቷ ላይ ሳንባዋ እምቢ አለ፤ አላህ ወሰዳት። ለቅሶ ደራሹ ሲበተን፣ ሰባት ዓመት ሆዴ ውስጥ የያዝኩትን አወጣሁት። ያን ሁሉ ስወቅስህ፣ እሷንም ጨው ስከለክላት፣ ለምን አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኸኝም አልኩት።

«እሷ እያለች መች ጊዜ ነበረኝ» አለ። «አሁን ጊዜው አለ፤ ግን ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»