የጆጉ ክዳን

ትናንት ከሰዓት ከፍሪጅ ውሃ አውጥቼ አንዴ ተጎነጨሁና ብርጭቆውን መልሼ አስቀመጥኩት። ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ልጄም ቀምሳ ፊቷን አጨማደደችና «እማዬ፣ ይሄ ውሃ ተበላሽቷል» አለችኝ። ውሃው እንኳ አልተበላሸም፤ ማታ ሳልከድነው ስላደረ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ክፍቱን ያደረ ውሃ አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ይህን ያወቅኩት በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ ጅማ በቾ ቦሬ ሰፈር ሳለን ነው። ያሳወቀችኝ ደግሞ ፍሪጅ ያልነበራት ሴት ናት።

ዘመኑ የደርግ ነው። አባቴ ሊሙ ገነት በአንድ የቡና ማጠቢያ ውስጥ ሜካኒክ ስለነበር ቤት የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር። ፍሪጁን ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ገዝቶ፣ በቡና ጆንያ መሀል አስጭኖ አመጣው። እናቴ ሳሎን አስቀመጠችው፤ አናቱ ላይም ዳንቴል አለበሰችው። ሞተሩ ሲነሳ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሲያርፍ እንደ ደከመው ሽማግሌ ተንፍሶ ዝም ይላል። እኔ በሩን ከፍቼ ያንን ቢጫ መብራት ማየት እወድ ስለነበር በቀን ስንት ጊዜ እንደተገሠጽኩ አላስታውስም።

ግድግዳ የምትጋራን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ነበረች። «አዴ» እላታለሁ፤ ጅማ ውስጥ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራው እንዲያ ነው። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቷል። አንድ ልጇን ደግሞ በዚያው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውባታል፤ የት እንዳለ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ሲንኳኳ ይሰማናል። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ይቆምና ቤቷ ጭር ይላል። ያን ዓመት ረመዳን የገባው ፋሲካ ካለፈ በኋላ በሳምንቱ ነው። እናቴ ያንን ጭርታ አልቻለችውም።

«ሰው ብቻውን ያፈጥራል እንዴ?» አለችኝ። «ቀዝቃዛ ውሃ ይዘሽላት ሂጂ፤ እስክትጨርስም አብረሻት ተቀመጪ።»

የጆጉን ክዳን ያጠፋሁት ያኔ ነው። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት ጠፍጣፋ ድንጋይ አጥቼ በክዳኑ ወረወርኩ። ተንከባለለና ቦይ ገባ፤ ጎርፉም ይዞት ወደ አዌቱ ወንዝ ወረደ። እናቴ በዕቃዋ ቀልድ አታውቅም። ስለዚህ ክፍቱን እንዳታየው ጆጉን ከፍሪጁ ታችኛው መደርደሪያ፣ ለፋሲካ ከተካፈልነው የቅርጫ ሥጋ ጀርባ ደበቅኩት። ውሃውን የምቀዳውም የምወስደውም እኔ ነበርኩና ማንም አላወቀብኝም። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን አዛን ሲሰማ አዴ «ቢስሚላህ» ብላ ተጎነጨች። ዋጠችው። ከዚያ ቆም ብላ አየችኝ። «ገለቶሚ፣ ኢንተላ ኮ» አለችኝ፤ አመሰግናለሁ ልጄ ማለቷ ነው። እኔም ልጠጣ ብርጭቆውን ላነሳ ስል «ተዪው፣ ጥርስሽን ይነካሻል» ብላ ሳምቡሳ ሰጠችኝ። ከማግስቱ ጀምሮ ውሃውን ከጓዳ ነበር የምትጠጣው፤ ጆጉን ይዛ ትገባለች፣ ባዶውን ይዛ ትወጣለች። ከዚያ የልጇ በርጩማ ላይ ታስቀምጠኝና ስለ እሱ ታወራኛለች። ሳምቡሳ ሲበላ መሀሉን ጨርሶ ጠርዙን ለእሷ እንደሚተውላት፣ ጫማውን ሳያወልቅ እንደሚተኛ። ከዘይትና ከአዲስ ጨርቅ ሽታ ጋር ያ ወሬ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

ቅዳሜ አባቴ ከመንገድ ተጠምቶ ገባና ሳልደርስበት ጆጉን አንስቶ ተጎነጨ። ወዲያው አፉን ያዘ።

«ይሄ ውሃ ነው መረቅ?» አለ። ጆጉን አሽትቶም ሳቀ። «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች አሉ! ከሥጋ ጋር ያደረ ውሃም ይኸው ሥጋ ሆኖ መጣ።»

እናቴ አልሳቀችም። ቀመሰችውና ወደ እኔ ዞረች። «ይሄንን ነው የምትወስጂላት?» ስትለኝ አለቀስኩ። ክዳኑንም ቦዩንም ሁሉንም ተናገርኩ። እሷ ግን እጇን አላነሳችብኝም፤ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። በኛ አገር ክርስቲያንና እስላም በሁሉም ነገር ይገናኛሉ፣ በሥጋ ግን አይነካኩም። እናቴና አዴ ያንን ጠብቀው ነው ስንት ዓመት በአንድ ግድግዳ የኖሩት። «በጾሟ!» አለች እናቴ። «በጾሟ የሥጋ ውሃ አጠጣኋት። በምን ዓይኔ አያታለሁ?» ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥጋውን በሙሉ አውጥታ ለቋንጣ ዘለዘለችው። ፍሪጁን በሎሚ ፈትጋ አጠበችው። እስከ ኢድ ሥጋ የሚባል እንደማይገባበት ስትናገር አባቴ «ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ እኮ ነው!» ብሎ አጉረመረመ። ሽሮ ቀረበለት።

ማታ ጆጉን በሳህን ከድነን ሁለታችንም ሄድን። እናቴ በር ላይ ቆመች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች። አዴ እጇን ይዛ አስገባቻት።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቄዋለሁ» አለች። «ሳላውቅ የዋጥኩትን አላህ ይተወዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ወላሂ ከራሴ እንስራ ነው የምጠጣው። ያንቺን ጓሮ ያለው የዘይቱን ዛፍ ይጠጣዋል።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

አዴ የተጣጠፈውን ጨርቅ ፈትታ እንደገና አጠፈችው። «ብነግርሽ ታፍሪያለሽ። ካፈርሽ ልጅቷን አትልኪያትም።»

እናቴ ያኔ አለቀሰች። ነገሩ በደንብ ባይገባኝም እኔም አብሬ አለቀስኩ። አዴ ውሃዋን ጠጥታ «አልሃምዱሊላህ፣ ዛሬ ውሃ ነው» ብላ አሳቀችን። ከዚያ ለልጇ የትምህርት ቤት ልብስ ሰፍታ ከተረፋት ካኪ ክብ ቆርጣ፣ ዙሪያውን ላስቲክ አስገብታ ለጆጉ ክዳን ሠራችለት።

በዚያ ክዳን ስድስት ረመዳን ውሃ ወሰድኩላት። ደርግ ወድቆ የተበተኑት ወታደሮች በእግራቸው ሲገቡ አዴ ከማለዳ ጀምሮ በር ላይ ትቆም ነበር። ልጇ አልመጣም። ሰባተኛው ረመዳን ሲገባ እኔ ለመምህርነት ሥልጠና ከጅማ ወጥቻለሁ። ለእናቴ ብዙ ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ሹራብ ላኪልኝ፣ በሶ ላኪልኝ ብዬ። ለእረፍት ስመለስ ከግድግዳው ወዲያ የስፌት መኪና ድምፅ አልነበረም። አዴ በረመዳኑ መጨረሻ ሞታ ኖሯል።

ትናንት ሽንኩርት የሸተተውን ውሃ ደፍቼ ጆጉን አጠብኩና የካኪውን ክዳን ከቁምሳጥን አወጣሁት። ላስቲኩ ላልቷል፤ በክር አስሬ ከደንኩት። ከዚያ ሁሉ ደብዳቤ በአንዱ እንኳ፣ ውሃውን ማን ይወስድላታል ብዬ አልጠየቅኩም። እናቴ ወስዳላት ይሆናል። አሁን የምጠይቃት እናትም የለችኝም።