የእናቴ ያልሆነ ለቅሶ

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ከተማ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ሳለ የወንድሜን ዘፈን ከፈተው። መጀመሪያ የሴት ለቅሶ ይመጣል። ከዚያ ኪቦርድ። የወንድሜ ድምፅና ጊታር ከዚያ ሥር ነው የሚሰማው፤ ብርድ ልብስ እንደተጫነበት ሰው። ሾፌሩ ድምፁን ጨመረና፣ "የመጨረሻ አልበሙ ነው። የምታለቅሰው እናቱ ናት አሉ" አለኝ። እናቴ አይደለችም። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ከየትም ያመጣት፣ ተከፍሏት ያለቀሰች ሴት ናት። ያስታውቃል እኮ፤ በምቱ ልክ ነው የምትተነፍሰው።

እናቴ እዚያ ካሴት ላይ ለምን እንደሌለች ልንገርህ። መናገር ብዙም አይሆንልኝም። ቢሆንም እሞክራለሁ።

ወንድሜ ቃሊቲ ውስጥ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ይሠራ ነበር። ከሥራ ሲመጣ ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ነጭ የጥጥ ብናኝ ይቀመጥበታል። ዘፈኖቹንም ያገኛቸው ከዚያ ነው። አብረውት የሚሠሩት ሴቶች የየአገራቸውን ዜማ ሲያንጎራጉሩ ይሰማና ቤት መጥቶ በጊታሩ ያወጣዋል። ግጥሙን ራሱ ይሠራዋል። ሰፈሩ "አዝማሪው" ይለው ነበር። የእድራችን ሊቀመንበር መንገድ ላይ ባገኘው ቁጥር፣ "እናትህ እኮ ሰው ይሆናል ብላ ነበር" ይለዋል፤ ቀልድ መሆኑ ነው። ከዚህ አልበም በፊት ያወጣቸውን ካሴቶች ከሰፈራችን የገዛ ሰው አላውቅም። ተውሶ ያልመለሰ ግን አውቃለሁ።

የመጨረሻው ደህና ቀን የዚህ አልበም ቀረጻ ያለቀበት ቀን ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቀርቼ ጊታሩን ተሸከምኩለትና ሳሪስ አቦ አካባቢ ወዳለው ስቱዲዮ ሄድን። ስቱዲዮ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስልህ። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን የተለጠፈበት አንድ ክፍል ነው። አሁን ሞባይል ይጠገንበታል። ያኔ የጋለ ሽቦና የባለ ሙዚቃ ቤቱ ሽቶ ይሸት ነበር። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ካሴቱን የሚያሳትመው ሰውዬ ነው። ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር የሚያደርግ፣ በሙቀት ሌዘር ጃኬት የማያወልቅ ሰው። ሙዚቃ አይወድም ብል ስም ማጥፋት አይሆንብኝም። ሰው ሲዘፍን የመኪና ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል፤ ቁልፉ ሲንሿሿ ደግሞ ቀረጻው ውስጥ ይገባል።

ወንድሜ የመጨረሻውን ዘፈን በጊታር ብቻ ዘፈነው። ፈረቃ ጨርሰው በእግራቸው ወደ ቤት ስለሚሄዱ ሴቶች ነበር። በበሩ ስንጥቅ የገባ የከሰዓት ፀሐይ ጉልበቱ ላይ አርፎ፣ እሱ እግሩን በመታ ቁጥር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። ሲጨርስ ማንም አልተናገረም። የተደነቁ መስሎኝ ደስ አለኝ።

"ይኼ ለቅሶ ነው" አለ ባለ ሙዚቃ ቤቱ።

"ዘፈን ነው" አለ ወንድሜ።

"የኔ ወንድም፣ ሰው ለቅሶ በነፃ ያገኛል። ድንኳን ገብቶ፣ ንፍሮውን እየቆረጠመ። ገንዘቡን አውጥቶ ለቅሶ የሚገዛ አይተህ ታውቃለህ?"

አቀናባሪው ኪቦርዱ ላይ እንደተደፋ ሳቀ። ይኼ አቀናባሪ ባለ ሙዚቃ ቤቱ ቢያነጥስም የሚስቅ ነበር።

"ሳቁ፣ ግድ የለም" አለ ወንድሜ፣ ጊታሩን ወደ ቦርሳው እየከተተ። "ይቺን ግን እንዳትነኩብኝ። ሌሎቹን ኪቦርድ አልብሷቸው፤ ከፈለጋችሁ ከረባትም እሰሩላቸው።"

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ "እንዴት ነበር?" አለኝ።

"አሪፍ።"

"አሪፍ ብቻ?"

"በጣም አሪፍ።"

ሳቀብኝ። "አንተ ልጅ፣ ቃል በራሽን ነው እንዴ የሚሰጡህ?"

ቃሊቲ ወረድን። "አንተ ጊታሩን ይዘህ ቅደም፣ ሲጋራ ገዝቼ እደርስብሃለሁ" ብሎ ወደ አስፋልቱ ተመለሰ። ሲሻገር የጭነት መኪና ገጨው። የፍሬኑን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። ከዚህ በላይ ስለዚያ የምለው የለኝም።

በማግስቱ ቀበርነው። የሰፈሩን ለቅሶ ብታይ! "ኩራታችን ነበር" እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ። የእድሩ ሊቀመንበር ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ ንግግር አደረገ፤ "አርቲስታችን" አለው። አዝማሪው በአንድ ቀን አርቲስት ሆነ። መሞት ብቻ ነበር ለካ የቀረው።

ባለ ሙዚቃ ቤቱም አቀናባሪውን አስከትሎ መጣ። መነጽሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን አገኘ። ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጡት። እማዬ ከሴቶቹ መሐል ሆና ሙሾ ታወርድ ነበር። እሷ ባደገችበት አገር እናት ለልጇ በግጥም ነው የምታለቅሰው፤ አረማመዱን፣ አበላሉን፣ አመሉን አንድ በአንድ እየጠራች። እኔ ውሃ ሳመላልስ ቁርጥራጩን ብቻ ነበር የምሰማው። አመሻሹ ላይ ከድንኳኑ ጀርባ ወንበር ስደረድር ሁለቱ ሲነጋገሩ ደረስኩ። አላዩኝም።

"እናትየውን ሰማሃት?" አለ ባለ ሙዚቃ ቤቱ። "ግጥሙ እንዲሁ ነው የሚፈስላት። ነገ ጠዋት መቅረጫ ይዤ እመጣለሁ። ያቺ የጊታሯ ዘፈን መግቢያ ላይ እናስገባታለን።"

"ለቅሶ ማን ይገዛል ብለህ አልነበር እንዴ?"

"አሁንማ ልጁ ሞቷል! የመጨረሻ አልበም፣ ከእናቱ እንባ ጋር። ገበያው ይቀወጣል በለኝ።"

አቀናባሪው እዚያም ሳቀ። ቀስ ብሎ፤ ለቅሶ ቤት ስለሆነ።

የያዝኩትን ወንበር አስቀምጬ ወደ እድሩ ሊቀመንበር ሄድኩ። "ጋሼ፣ ሰውዬው ነገ እማዬን ሊቀርጻት ነው። ለካሴት። ይከልክሉልኝ" አልኩት።

"ልጄ፣ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ እንግዳ አይባረርም። ደግሞ ትልቅ ሰው ናቸው። ለድንኳኑ ውሃና ለስላሳ በመኪና ጭነው ነው የመጡት" አለኝ። ትንሽ አሰበና፣ "ቢቀርጿትስ? ማስታወሻ ይሆናታል" ብሎ ጨመረልኝ።

ማስታወሻ! የለስላሳው ጠርሙስ እጁ ላይ ነበር።

ለእማዬ ልነግራት አልቻልኩም። ልጇን ዛሬ የቀበረችን ሴት ነገ እንዳታለቅሺ ይሏታል?

በነጋታው ባለ ሙዚቃ ቤቱ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። የድንኳኑ ሸራ በጤዛ ረጥቦ ይሸት ነበር። ወደ ሴቶቹ በሚቀርበው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከጃኬቱ የደረት ኪስ አፍ ላይ የመቅረጫው ቀይ መብራት ትታያለች፤ ትንሽዬ ናት። እማዬ ነጠላዋን አጠበቀች። ጉሮሮዋን ጠረገች።

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። በጣም አጠገቡ፤ አፌ ኪሱ ጋ እስኪደርስ።

"እንደምን አደሩ ጋሼ!" አልኩት ጮክ ብዬ። "በመኪና ነው የመጡት? መንገዱ ተዘጋግቷል አይደል? እኛ ሰፈር ውሃ ከሄደች ቆየች!"

"ዝም በል፣ እናትህ ልታለቅስ ነው" አለኝ በሹክሹክታ።

እማዬ ጀመረች። እኔም ድምፄን ጨመርኩ። ስለ ውሃው፣ ስለ ጭቃው፣ ስለ ታክሲ ሰልፉ፣ ስለ ጎረቤታችን ውሻ። ፈቀቅ ሲል ፈቀቅ አልኩ። ደረቱን ሲያዞር ዞሬ መጣሁ።

"አንተ ልጅ፣ አታፍርም?" አለኝ፤ አሁን ሹክሹክታውን ረስቶታል።

"እርስዎስ ጋሼ፣ ለምን አያለቅሱም?"

ከዚያ የማወራው አለቀብኝ። ኬሚስትሪ ክፍል በቃላችን የያዝነው መጣልኝ። "ሃይድሮጂን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም፣ ቦሮን…" ሽማግሌዎቹ ዞሩ። አንዲት ጎረቤታችን አማተበችና "ጸበል ይውሰዱት" አለች። "ተዉት፣ ሐዘን አዙሮበት ነው" አለ ሊቀመንበሩ። ካልሲየም ላይ ስደርስ የሚቀጥለው ጠፋኝ። ተመልሼ ከሃይድሮጂን ጀመርኩ።

እማዬ አንዴ ቀና ብላ አየችኝ። አላቋረጠችም። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ እጇ ደረቷን ሲመታ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሲስቡ አያለሁ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ እንባቸው እየወረደ ሁሉም ሳቁ። ስለ ወንድሜ የሚያስቅ ነገር ብላ መሆን አለበት። ባለ ሙዚቃ ቤቱ በንዴት ተነስቶ እስኪወጣ ድረስ አፌን አልዘጋሁም። ሲወጣ እሷም ጨርሳ ነበር።

ስለ ወንድሜ ያለችውን ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ያ ሰውዬ ሳይቀር ሰምቷል። እኔ ብቻ አልሰማሁም።